ከጉዞ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

ውጭ አገር ለመሄድ የሚዘጋጅ ሰው ስለዚህ ክትባት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው «ውሻ የሚነክሰኝ ምን ያህል ዕድል ቢኖር ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን ለውሳኔ አያበቃም። ውሳኔውን የሚወስነው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ብነከስ በስንት ሰዓት ውስጥ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት ያለው ሆስፒታል እደርሳለሁ?

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቫይረሱ በምራቅ አማካይነት ቁስል ውስጥ ይገባና የነርቭን መስመር ተከትሎ ወደ አንጎል ያመራል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ያልፋል፤ በቀናት የሚታይበትም፣ ከዓመት በላይ ቆይቶ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ንክሻው ፊት ወይም አንገት ላይ ከሆነ፣ አለዚያም እንደ እጅ ጣት ነርቭ የበዛበት ቦታ ካረፈ ጊዜው ያጥራል። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም። መዳን የሚቻለው ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ ከተቀደመ ብቻ ነው።

ቀድሞ ያልተከተበ ሰው ሲነከስ ክትባቱ ወዲያው ይጀመርለታል፤ ነገር ግን ሰውነቱ በቂ መከላከያ ለማምረት ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው ኢሚውኖግሎቡሊን ነው፦ ከሰው ወይም ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ፣ ቫይረሱን እዚያው ቁስሉ ላይ የሚይዝ ዝግጁ መከላከያ። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ከሰው የተዘጋጀው ለእያንዳንዱ ኪሎ 20 ዩኒት፣ ከፈረስ የተዘጋጀው 40 ዩኒት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሰው ከተዘጋጀው 1,400 ዩኒት ያስፈልገዋል፤ በሚሊ ሊትር 150 ዩኒት ካለው ብልቃጥ ሲቀዳ ከ9 ሚሊ ሊትር በላይ ማለት ነው። የሚወጋውም ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ነው። ቁስሉ ጣት ላይ ከሆነ ፈሳሹ ቦታ ያጣል፤ ጣቱ ተወጥሮ ደም እንዳይታገድበት ሐኪሙ በጥቂት በጥቂቱ እያስገባ መጠንቀቅ አለበት። ሥራው ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል፤ መድኃኒቱም በብዙ አገሮች እጥረት ያለበት ነው። ክትባቱ በትንሽ ከተማ በሚገኝበት አገር እንኳ ኢሚውኖግሎቡሊን ጥቂት ትላልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀድሞ የተከተበ ሰው ይህ ሁሉ ይቀርለታል። ሲነከስ ኢሚውኖግሎቡሊን አያስፈልገውም፤ ክትባቱን ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በዕለቱና በ3ኛው ቀን ይወስዳል። ከጉዞ በፊት የሚወሰደው ክትባት ዋና ጥቅም ይኸው ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው፤ «እኔ ተከትቤያለሁ» ብሎ ንክሻን ችላ ማለት ሕይወት ያስከፍላል። ቁስሉን ማጠብና ሁለቱን መርፌዎች መወጋት ለተከተበም ሰው ግዴታ ነው።

ማን ይውሰድ?

በመጀመሪያ በሚሄዱበት አገር የእብድ ውሻ በሽታ በውሾች መካከል ይዛመት እንደሆነ ያረጋግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገምታል፤ አብዛኛው ሞት በእስያና በአፍሪካ ነው፤ ቫይረሱን ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ከ100 ጊዜ 99ኙን ውሻ ነው። ጃፓንን የመሰሉ አገሮች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነፃ ናቸው። «ነፃ» የሚለው ቃል ግን የሌሊት ወፍን አይጨምርም፤ በአውስትራሊያና በብሪታንያ ውሾች ነፃ ቢሆኑም የሌሊት ወፎች የቫይረሱን ዘመዶች ይሸከማሉ።

ቀጥሎ ወደ ጉዞ መድን ድርጅትዎ የድንገተኛ ጊዜ ስልክ ይደውሉና እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «በምሄድበት ከተማ ኢሚውኖግሎቡሊን የትኛው ሆስፒታል ይገኛል? ከሌለስ ወደ ሌላ አገር ታጓጉዙኛላችሁ?» ቁርጥ ያለ መልስ ከሰጧችሁ፣ ቆይታዎ የጥቂት ቀናት ከሆነና ከትልቁ ከተማ የማይወጡ ከሆነ ክትባቱን ቢተዉት ያስኬዳል። መልሱ ከተድበሰበሰ፣ ወይም ከዚያ ሆስፒታል ከአንድ ቀን መንገድ በላይ ርቀው የሚቆዩ ከሆነ፣ መከተቡ ይሻላል እንላለን። የቆይታው ማጠር ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ሦስት ቀን በገጠር የሚያሳልፍ ሰው ሦስት ወር በከተማ ከሚቆይ ሰው ይልቅ ከሕክምና ሊርቅ ይችላል።

የእንስሳት ሐኪሞች፣ በእንስሳት መጠለያ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች፣ ዋሻ የሚገቡ አሳሾች፣ በብስክሌት ወይም በሩጫ ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሰዎች ሳያመነቱ ይከተቡ። ልጆችን ደግሞ ለብቻቸው ማሰብ ያስፈልጋል። ልጅ ውሻ ሲያይ ይጠጋል፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ንክሻው ፊቱንና አንገቱን ያገኘዋል፤ ቁጣ ፈርቶም ጭረቷን ይደብቃል። በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ከ10 ሰዎች 4ቱ ገደማ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። እናትና አባት ለራሳቸው ቢያመነቱ እንኳ ልጃቸውን ያስከትቡ እንላቸዋለን።

መርፌውና የቀን አቆጣጠሩ

ከ2018 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሁለት ቀጠሮ ነው፦ ቀን 0 እና ቀን 7። የመጀመሪያው መርፌ የተወጋበት ዕለት «ቀን 0» ይባላል፤ ሰኞ የጀመረ ሰው ሁለተኛውን በሚቀጥለው ሰኞ ይወስዳል። የመጀመሪያውን ዕለት «1» ብለው የሚቆጥሩ ሰዎች እሑድ ይመጣሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። በአንዳንድ አገሮች አሁንም ሦስት መርፌ፣ ሦስተኛው በ21ኛው ወይም በ28ኛው ቀን፣ ይሰጣል። ስለዚህ ቢያንስ ከመሄድዎ አንድ ወር በፊት ይጀምሩ። የሁለተኛው መርፌ ቀን ቢያልፍዎ እንደገና ከዜሮ አይጀመርም፤ በተቻለ ፍጥነት ይውሰዱት። በረራዎ ከሳምንት በታች ከቀረው አንዷን መርፌ መውሰድ ይቻላል፤ ሆኖም ሁለተኛዋን ሳይወስዱ ቢነከሱ እንዳልተከተበ ሰው ሙሉ ሕክምና ያስፈልግዎታል።

መርፌው የሚወጋው በትከሻ ጡንቻ ላይ፣ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በጭን ጎን ነው። መቀመጫ ላይ ፈጽሞ አይወጋም፤ ስቡ ክትባቱን ያደክመዋል። ቆዳ ውስጥ የሚሰጥ አነስተኛ መጠንም አለ፦ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ቦታ 0.1 ሚሊ ሊትር። ለወባ መከላከያ ክሎሮኩዊን የሚወስዱ ከሆነ ግን ይህን ሳይሆን በጡንቻ የሚሰጠውን ይምረጡ፤ ክሎሮኩዊን ቆዳ ውስጥ የሚሰጠውን ክትባት ያዳክማል። በሽታ የመከላከል አቅማቸው በሕመም ወይም በመድኃኒት የቀነሰ ሰዎች ሦስት መርፌና የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር 0.5 ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የእንቁላል አለርጂ ካለብዎ ቀድመው ይንገሩ፤ አንዳንዱ ክትባት የሚዘጋጀው በጫጩት ሽል ሴሎች ነው፤ በምትኩ ሌላ ዓይነት አለ።

በድሮ ጊዜ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን አስበው የሚፈሩ ሰዎች አሉ። ያ ከእንስሳት የነርቭ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራ ክትባት ነበር፤ የአሁኑ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ክንድ ላይ ሕመም፣ ራስ ምታት ወይም ቀላል ትኩሳት ለአንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል።

የክትባት ካርድዎ ላይ የክትባቱ ስም፣ ቀኑና የተወጋበት ቦታ መጻፉን ሳያዩ ከክፍሉ አይውጡ። ፎቶውንም ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ማስረጃ ከሌለ ሐኪሙ እንዳልተከተቡ ቆጥሮ ሊያክምዎ ይገደዳል።

መንገድ ላይ ቢነከሱ

ተከተቡም አልተከተቡ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያጥቡ፤ በሰዓት ይያዙት፣ በግምት ሁለት ደቂቃ ብዙ ይመስላልና። ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል ያድርጉበት። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብለው አይተዉት፤ ምልክት ከማሳየቱ ቀናት ቀደም ብሎ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ ይኖራል። ውሻ ወይም ድመት ለ10 ቀን ታይቶ ጤነኛ ከሆነ የተጀመረው ሕክምና ሊቋረጥ ይችላል፤ ይህ ግን ለጦጣና ለሌሊት ወፍ አይሠራም። የሌሊት ወፍ ጥርስ የመርፌ ጫፍ ያህል ምልክት ብቻ ይተዋልና ተኝተው ሳሉ ክፍልዎ ውስጥ ከተገኘች ቁስል ባያዩም ወደ ሐኪም ይሂዱ። ያልተላጠ ቆዳን ውሻ ቢልስ ምንም አይደለም፤ የተላጠ ቆዳን፣ ዓይንን ወይም አፍን ከላሰ ግን እንደ ንክሻ ይቆጠራል።

ሳምንታት ቢያልፉም ምልክት እስካልታየ ድረስ ሕክምናው ይጀመራል። ኢሚውኖግሎቡሊን የሚሰጠው ግን ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ እስከ 7ኛው ቀን ብቻ ነው፤ ክትባቱን በትንሿ ከተማ ጀምረው እሱን ፍለጋ ወደ ትልቁ ከተማ የሚጓዙ ከሆነ ይህንን ቀን ከመጀመሪያው መርፌ ጀምረው ይቁጠሩ።