ከአዲስ አበባ ወርዶ ዳይቪንግ ለመማር ባህር ሲመርጡ የሚሠሩ ስህተቶች

የአዲስ አበባ ሰው ባህር ሲያምረው ምርጫ አያጣም። ጅቡቲ እዚሁ ጎረቤት ናት። የኬንያዋ ዲያኒ፣ ዛንዚባር፣ የግብፆቹ ሁርጋዳና ዳሃብም አሉ። ሁሉም ጋ ውሃው ይሞቃል ይባላል፣ ሁሉም ጋ የዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ጋን አዝሎ ባህር ውስጥ የመጥለቅ፣ የጀማሪ ኮርስ አለ። ስለዚህ ሰው ርካሽ ትኬት ያገኘበትን ይቆርጥና ይሄዳል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ከራሴ ኪስ ከፍዬባቸዋለሁ።

ሞቃት ባህር ሁሌም ሞቃት ነው ብሎ ማሰብ

ዳሃብ የሄድኩት በየካቲት ነበር። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ሰው በቲሸርት ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ውሃው ግን 22 ዲግሪ ነው። 22 ዲግሪ አዲስ አበባ ላይ ምርጥ ቀን ነው። ውሃ ውስጥ ግን ሌላ ነው፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ በፈጠነ ሁኔታ ነው። የሰጡኝ የዋና ልብስ፣ ዌትሱት የሚባለው፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ነበር። የወፈረ መኖሩን ስለማላውቅ ዝም ብዬ ለበስኩ።

በሁለተኛው ዳይቭ አሸዋ ላይ ተንበርክከን ማስክ ውስጥ ውሃ ማስገባትና በአፍንጫ ተንፍሶ ማስወጣት እንለማመዳለን። አንድ በአንድ ነው። ተራዬ እስኪደርስ ጥርሴ ሬጉሌተሩ ላይ፣ ማለትም ከጋኑ አየር የምንስብበት አፍ ውስጥ የሚያዘው ዕቃ ላይ፣ ይንገጫገጫል። የበረደው ሰው ደግሞ አየር ቶሎ ይጨርሳል፤ ከቡድኑ መጀመሪያ የጨረስኩት እኔ ነኝ።

ዳሃብና ሁርጋዳ ከሆነ ነሐሴና መስከረም ላይ ውሃው 28 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በክረምታቸው ከሄዳችሁ 5 ሚሊሜትር ልብስ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ዛንዚባርና ዲያኒ ዓመቱን ሙሉ ከ25 እስከ 29 ዲግሪ ስለሆነ ብርዱ አያሳስብም። እዚያ የሚያስቸግረው ነፋሱና ዝናቡ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ዶፍ ይወርዳል፣ ከዚያ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ባህሩን ያናውጠዋል፤ ያን ጊዜ ዘግተው የሚከርሙ የዳይቪንግ ቤቶችም አሉ። ከኅዳር እስከ መጋቢት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ደህና ነው። ጅቡቲን በበጋችን እንጂ በክረምታችን አታስቧት፤ ውጪው 40 ዲግሪ ያልፋል።

ዝና ተከትሎ መሄድ

ጅቡቲ የታጁራ ባህረ ሰላጤ ውስጥ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ፎቶውን አይቶ ያልቋመጠ የለም። ግን ዌል ሻርኩ የሚዋኘው ከላይ ነው፤ በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ይታያል፣ ሰርተፍኬት የሚጠይቅ የለም። ለሱ ብላችሁ ኮርስ አትግዙ።

ብሉ ሆል የሚባለው የዳሃቡ የባህር ውስጥ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። ጥልቀቱ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል፣ ብዙ ዳይቨር ሞቶበታል፤ የጀማሪ ፈቃድ ግን እስከ 18 ሜትር ብቻ ነው። የዛንዚባሯ ጴምባም በውሃ ፍሰት የምትታወቅ ናት፣ ለሁለተኛ ጉዞ ትቆይ።

በመጀመሪያዎቹ አራት ዳይቮች ዓሣ የማየት ጊዜም የለም፤ ዓይናችሁ አስተማሪው እጅ ላይ ነው። የምትፈልጉት አሰልቺ ቦታ ነው፦ አሸዋማ፣ ከፍሰት የተጠለለ፣ ከዳር በእግር ተገብቶ ቀስ እያለ የሚጠልቅ። ዳሃብ ከተማው መሀል ያለው ላይትሃውስ ልክ እንደዚያ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጽፋችሁ ጠይቁ፦ ልምምዱ ከዳር ነው ከጀልባ? ለአንድ አስተማሪስ ስንት ተማሪ ነው? እኔ ከአራት በላይ ካሉኝ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።

መዋኘቱን እዚያ እደርስበታለሁ ማለት

ፓዲ በሚባለው የዳይቪንግ ማሠልጠኛ ድርጅት ኮርስ 200 ሜትር መዋኘት (በማስክ፣ በመተንፈሻ ቱቦና በእግር መቅዘፊያ ከሆነ 300 ሜትር) እና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ ተንሳፎ መቆየት ግድ ነው። ፍጥነት አይለካም፣ ግን «ትንሽ ትንሽ እችላለሁ» አይሠራም። አዲስ አበባ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ቆጥራችሁ ሞክሩት። የጤና ቅጹንም ከቤት ሳትወጡ አንብቡ፤ አስም ወይም የልብ ችግር ካለ የሐኪም ፊርማ ይጠይቃል። እዚያ ደርሶ ሐኪም መፈለግ ቀን ይበላል።

የመመለሻውን ቀን አለማስላት

ይህኛው የኛ የደገኞቹ ጣጣ ነው፤ የሞምባሳን ሰው አይመለከተውም። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የምንተነፍሰው አየር ናይትሮጂኑ ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ ቀስ ብሎ ሲቀንስ በትንፋሽ ይወጣል። ድንገት ከቀነሰ ግን አምቦ ውሃ ሲከፈት እንደሚፈላው በሰውነት ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስ ያሽመደምዳል። ስለዚህ ብዙ ቀን ዳይቭ ያደረገ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ ይባላል።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር አልፏል። ሌላው ተሳፋሪ በባህር ጠረፍ ያለ ከተማ ሲያርፍ ሰውነቱ ያርፋል፤ እኛ ግን ከአውሮፕላኑ ወርደንም እዚያው ከፍታ ላይ ነን። በማግስቱ እንጦጦ ከወጣን ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

«እኔ ከጅቡቲ በባቡር ነው የምመለሰው» የሚል አለ። ባቡሩም ይወጣል! ከባህር ወለል ተነስቶ፣ ድሬዳዋን አልፎ፣ ከአዳማ በኋላ እየወጣ አዲስ አበባ ይገባል። ሰውነት የሚያውቀው ግፊቱን እንጂ የትኬቱን ዓይነት አይደለም። መኪናም ያው ነው።

ኮርሱ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል። ንድፈ ሐሳቡን ቤት ሆናችሁ በኢንተርኔት ብትጨርሱት አንድ ቀን ይተርፋል። ያንን ቀን ለአንድ ተጨማሪ ዳይቭ አትስጡት፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ተዉት። እኔ ሙሉ 24 ሰዓት ነው የምተወው። ዳሃብ ላይ ያን ቀን ባህሩ ዳር ሻይ ይዤ ቁጭ አልኩ። አንድ አዲስ ቡድን ተሰልፎ ወደ ውሃው ይገባል። ሁሉም የለበሱት ወፍራሙን ልብስ ነው።