ልጅ ሲነስረው ቀና አታድርጉት

ደሴ ውስጥ የትምህርት ቤት ነርስ ነኝ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ነስር ይበዛብናል፤ ልጆቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ነው የሚመጡት። እባካችሁ ይሄን ተዉት! ደሙ አይቆምም፤ በጉሮሮ ይወርዳል እንጂ። ሆድ ከገባ ደግሞ ያስታውካል።

ልጁን አስቀምጡት፣ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ በአፉ ይተንፍስ። ከዚያ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ግጥም አድርጋችሁ ያዙ። ብዙ ሰው ላይኛውን አጥንት ይይዛል፤ ደሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከታች፣ ከፊተኛው በኩል ነው። 10 ደቂቃ ሙሉ ሳትለቁ፣ ሰዓት እያያችሁ። «ቆመ እንዴ?» እያሉ በየደቂቃው መልቀቅ የጀመረውን መርጋት ያፈርሰዋል። ጥጥ አትወትፉ፤ ሲወጣ ቁስሉን ይቀሰቅሰዋል። ከቆመ በኋላ ያን ቀን አይናፈጥ፣ አፍንጫውንም አይነካካ። አየሩ ለሚያደርቀው ልጅ ማታ ማታ ትንሽ ቫዝሊን በአፍንጫው ጠርዝ መቀባት ይረዳል።

ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው ወይም አጥብቃችሁ ይዛችሁም ግማሽ ሰዓት ካለፈ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አንድ ነገር ለገጠር ወላጆች፦ ከወንዝ ወይም ከኩሬ የሚጠጣ ልጅ በአንዱ አፍንጫው ብቻ ደጋግሞ ከነሰረው አልቅት ገብቶ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ጎትታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና «ውሃ ከወንዝ ይጠጣል» ብላችሁ ንገሯቸው።