ጣና ላይ ዓሣው እምቢ ሲል፦ ትል ወይስ አርቲፊሻል ማባበያ?

ባህር ዳር ላይ በካያክም በታንኳም የሚወጡ ልጆች ሣጥን ሙሉ የሚያብለጨልጭ የብረትና የፕላስቲክ ማባበያ ይዘው አያለሁ። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ዩቲዩብ ላይ ያዩት የባሕር ማጥመድ ነዋ። እዚያ የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ሌላ ዓሣ አሳዶ የሚበላ ዓሣ ነው። ጣና ሌላ ነው።

ችግር፦ ግማሽ ቀን ወረወርኩ፣ አንድም አልነካኝም።

መጀመሪያ የትኛውን ዓሣ ፈልጋችሁ ነው? ቀረሶ በአብዛኛው የሚበላው አልጌና ደቃቅ ነገር ስለሆነ የሚሮጥ ብረት አያሳድድም። አምባዛ ደግሞ ምግቡን የሚያገኘው እያሸተተና በጢሙ እየዳሰሰ ነው፣ በተለይ ሲመሽ። ለቀረሶ የመሬት ትል ወይም ሊጥ፣ ለአምባዛ የዓሣ ሆድ ዕቃ ያዙ።

አርቲፊሻሉ የሚያዋጣው ለነጭ ዓሣ ነው፤ ለዚያውም ለሁሉም አይደለም። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች 8 ያህሉ ትናንሽ ዓሣ አሳደው ይበላሉ። ለእነሱ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር የሆነ ብርማ ማባበያ ይበቃል። 20 ሜትር ያህል ክር ለቃችሁ ቀስ እያላችሁ ቅዘፉ። ለባሕር ዓሣ የሚታሰረውን የሽቦ ክር ተዉት፤ የነጭ ዓሣ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ እንጂ አፉ ላይ አይደለም፣ ክር አይቆርጥባችሁም።

ችግር፦ ባለፈው የያዘልኝ ማባበያ ዛሬ ምንም አላመጣም።

ውሃው ደፍርሶ ይሆናል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ነፋስ ሲነሳ ጭቃው ከታች ይነሳል፣ ክረምት ደግሞ እንደ ጉማራና ርብ ያሉ ወንዞች አፈር ተሸክመው ይገባሉ። እንዲህ አድርጉ፦ ማባበያውን በእጃችሁ ይዛችሁ እስከ ክርናችሁ ውሃው ውስጥ አስገቡት። ብልጭታው ካልታያችሁ ዓሣውም አያየውም። በቃ፣ ወደ ትል ተመለሱ። ሽታ ድፍርስ ውስጥም ይሄዳል።

አደራ፣ በክረምት የወንዞቹን መግቢያ ተዉ። ነጭ ዓሣው እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ የሚወጣው ያኔ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከጣና ውጪ የትም የሉም፣ እዚህ ካለቁ አለቁ።

ችግር፦ ምግቡ ተበልቶ መንጠቆው ባዶ ይመጣል።

መንጠቆው ትልቅ ነው ወይ ሊጡ ላልቷል። የቀረሶ አፍ ትንሽ ነው። የስንዴ ዱቄቱን በጣም ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ እሹት፣ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ። ከዚያ ሽምብራ የምታህል ድብልብል አድርጋችሁ የመንጠቆው ጫፍ ትንሽ ብቅ እንዲል ሰኩት። ትሉን ደግሞ እንደ ካልሲ መንጠቆው ላይ አልብሱት፤ መሃሉን ብቻ ከወጋችሁት ጫፍ ጫፉን ነክሰው ይጨርሱታል።

ችግር፦ ማባበያው ደንገል ወይም እምቦጭ ይይዛል።

ሦስት ጫፍ ያለውን መንጠቆ አውጥታችሁ ባለ አንድ ጫፉን አድርጉበት። እምቦጭ ጥግ ግን ከመወርወር ትልን በቡሽ አንሳፍፎ ማውረድ ይሻላል።

ችግር፦ ካያኩ አንድ ቦታ አይቆምልኝም።

ነፋሱ ነው። ካያክ ቀላል ስለሆነ ይገፋል፣ ትሉም አብሮ ይጎተታል። ድንጋይ በገመድ አስራችሁ ጣሉ፣ ገመዱን ግን ባንዴ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት። ከሰዓት ማዕበል ከተነሳ መልህቁን አንስታችሁ ወደ ዳር ውጡ። ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ አትውጡ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ካያችሁ መንጠቆው ዓሣ ይዞ እንኳ ቢሆን ክሩን ቁረጡና ራቁ።