የማይነር ሊግ ተስፈኞችን ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእግር ኳስ ክለቦቻችን «ተስፋ ቡድን» የሚባለውን የሚያውቅ ሰው የአሜሪካን ቤዝቦል ማይነር ሊግ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ልዩነቱ የደረጃው ብዛት ነው። ከ2021 ወዲህ 30ዎቹ የሜጀር ሊግ (የላይኛው ሊግ) ክለቦች እያንዳንዳቸው አራት አራት የታች ቡድን አሏቸው፤ ከታች ወደ ላይ ሲንግል-ኤ፣ ሃይ-ኤ፣ ደብል-ኤና ትሪፕል-ኤ። በድምሩ 120 ይሆናሉ። ከእነዚህም በታች በአሪዞና፣ በፍሎሪዳና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለጀማሪዎች ብቻ የሚካሄዱ ውድድሮች አሉ።

ተከታታዩ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ «ልጁ ትናንት ምን ሠራ?» ብሎ ይፈልጋል። ክለቡ ግን የሚጠይቀው «ይሄ ልጅ ሜጀር ሊግ ሲገባ ምን ይሠራል?» ብሎ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ለመጀመሪያው ጥያቄ የተገኘውን መልስ ለሁለተኛው ከመስጠት የሚመጡ ናቸው።

ዕድሜውን ሳያዩ ቁጥሩን ማየት

ሲንግል-ኤ ላይ 0.310 የሚመታ (ከ1,000 ሙከራ 310 ጊዜ የሚሳካለት) የ23 ዓመት ወጣትና እዚያው ሊግ 0.260 የሚመታ የ18 ዓመት ልጅ አለ እንበል። ስካውቶች (ለክለቦች ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች) አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸው የሚያርፈው በትንሹ ላይ ነው። በሲንግል-ኤ የሚበዛው ተጫዋች 20 ወይም 21 ዓመት ገደማ ነው፤ ደብል-ኤ ላይ 23 እና 24 ይሆናል፤ ትሪፕል-ኤ ላይ ደግሞ ሜጀር ሊግ ደርሰው የተመለሱ ስለሚበዙ አማካዩ ወደ 26 ይጠጋል። ስለዚህ የ23 ዓመቱ ከታናናሾቹ ጋር እየተጫወተ ነው፤ የ18ቱ ግን ከታላላቆቹ ጋር ነው የሚታገለው።

ሁዋን ሶቶ በ2018 የውድድር ዓመት በ19 ዓመቱ በክለቡ የታች ቡድኖች፣ ሃገርስታውን ላይ 16፣ ፖቶማክ ላይ 15፣ ሃሪስበርግ ላይ 8 ጨዋታ ብቻ አድርጎ ሜይ 20 ለዋሽንግተን ናሽናልስ ተሰለፈ። ይህን ያህል የሚቻኮል ክለብ እምብዛም የለም፤ ያቻኮለውም ልጁ በየደረጃው ከታላላቆቹ በልጦ መገኘቱ ነው።

ዕድሜ በሌላ በኩልም ያሳስታል። ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ በ21 ዓመቱ የተመለመለ መቺ በዚያው በጋ ሲንግል-ኤን ቢያተራምስ ገና ምንም አላረጋገጠም፤ ኮሌጅ ውስጥ የሚገጥማቸው ወርዋሪዎች ከዚያ ላይሻሉ ይችላሉና። እሱን ለመመዘን ደብል-ኤ እስኪደርስ ይጠብቁ። አንድን ደረጃ ለሁለተኛ ዓመት የሚደግም ተጫዋችንም እንዲሁ በጥርጣሬ ይዩት፤ ወርዋሪዎቹንም ሜዳዎቹንም ለምዷቸዋል። ማስታወሻ የሚይዙ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓምዶች ዕድሜ፣ ደረጃና በዚያ ደረጃ የቆየበት ወራት ይሁኑ። የመምታት አማካዩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ሜዳውን፣ አየሩንና ኳሱን መርሳት

ለደጋ ሰው 1,500 ሜትር ከፍታ ተብሎ አይቆጠርም። ለቤዝቦል ግን ብዙ ነው። በትሪፕል-ኤው ፓሲፊክ ኮስት ሊግ የሚጫወተው የአልበከርኪ ቡድን ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ሪኖ፣ ሶልት ሌክና ኤል ፓሶም ከ1,000 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ በመሆኑ የተመታው ኳስ ይርቃል፤ የወርዋሪው ጥምዝ ኳስም እንደሚገባው አይታጠፍም። መቺው ሁለት ጊዜ ተጠቀመ፣ ወርዋሪው ሁለት ጊዜ ተጎዳ ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ሊግ 25 ሆም ራን (ኳሱ ከአጥር የሚያልፍበት ምት) የመታ ሰው በምሥራቁ የትሪፕል-ኤ ሊግ በኢንተርናሽናል ሊግ 25 ከመታው ጋር እኩል አይቆጠርም።

ብራንደን ዉድን የሚያስታውስ ሰው ይህን በቀላሉ አይረሳም። በ2005 በማይነር ሊግ 43 ሆም ራን መትቶ አገር ጉድ ያሰኘ የኤንጅልስ ክለብ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) ነበር። የመታውም ለመቺ በሚመቸው የካሊፎርኒያ ሊግ ውስጥ ነው። ሜጀር ሊግ ሲደርስ በ272 ጨዋታ 18 ሆም ራንና 0.186 የመምታት አማካይ ብቻ አስመዝግቦ ቀረ። ጥፋቱ የሜዳው ብቻ አልነበረም፤ ስትራይክአውቱ (ሳይመታ በሦስት ስትራይክ መውጣቱ) ገና ከታች ብዙ ነበር፤ ሆም ራኑ ግን ሸፈነለት።

ኳሱና ዳኝነቱም ይለዋወጣሉ። ትሪፕል-ኤ በ2019 የሜጀር ሊግን ኳስ መጠቀም ሲጀምር የሆም ራኑ ቁጥር ከቀዳሚው ዓመት በግማሽ ጨምሮ አለፈ። የደብል-ኤው ሳውዘርን ሊግ በ2023 የመጀመሪያ አጋማሽ ከፋብሪካ ተጣባቂ ሆኖ የተዘጋጀ ኳስ ሞክሮ ነበር፤ ወርዋሪዎቹ ተንቀባረሩበት፤ በአጋማሹ ተመልሶ ሲቀየር ስትራይክአውቱ ቀነሰ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ትሪፕል-ኤ ላይ «ቦል»ና «ስትራይክ»ን (ውርወራው ከዒላማው ውጭ ነው ወይስ ውስጥ የሚለውን) በማሽን መለየት ሲገባ መቺዎች በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ የሚወጡበት «ዎክ» በዛ። ስለዚህ የአንድን ተጫዋች ቁጥር ከሌላ ዓመት ተጫዋች ጋር ሳይሆን በዚያው ዓመት በዚያው ሊግ ከተጫወቱት አማካይ ጋር ያስተያዩ። «ደብሊው-አር-ሲ ፕላስ» የሚባለው መለኪያ ለዚህ ይረዳል፤ 100 የሊጉ አማካይ ነው፤ 130 ማለት ከአማካዩ 30 በመቶ የተሻለ ማለት ነው። ከዚያ በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ያደረገውን ለየብቻ ይክፈቱ። ልዩነቱ ከሰፋ ከሜዳው ውጭ ያለውን ይመኑ።

በኤፕሪል መደምደም

ኤፕሪል የውድድር ዓመቱ መጀመሪያ ነው። የስትራይክአውት ድግግሞሽ ትርጉም መስጠት የሚጀምረው ወደ 60 ጊዜ ያህል ለመምታት ከቀረበ በኋላ ነው፤ የዎክ ድግግሞሽ 120 ያህል ይፈልጋል። የመምታት አማካይ ግን ሙሉ የውድድር ዓመት አልፎም ሊያታልል ይችላል። ሜዳ ውስጥ ያረፉ ኳሶች ወደ 0.300 ገደማ ምት ይሆናሉ፤ አንድ ተጫዋች በሦስተኛው ሳምንት እዚያ ላይ 0.450 ከሆነ ዕድል እየደገፈው ነው፤ 0.180 ከሆነም ዕድል ፊቷን አዙራበታለች። ማይነር ሊግ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ከ2021 ጀምሮ ቡድኖች አንድን ተጋጣሚ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ለስድስት ጨዋታ በተከታታይ ይገጥማሉ። ደካማ ወርዋሪዎች ያሉት ቡድን ከደረሰው ሳምንቱን ሙሉ ሠርግ ነው።

የአሮን ጀጅ ታሪክ ደግሞ ልዩ ትምህርት ይሰጣል። በ2016 ከያንኪስ ጋር በ27 ጨዋታ 84 ጊዜ ሞክሮ 42ቱ ስትራይክአውት ሆነበት፤ አማካዩም 0.179 ነበር። በቁጥሩ ብዛት ከሄድን የስትራይክአውቱ ችግር እውነተኛ ነበር። ሰውየው ግን በውድድር ዕረፍቱ አመታቱን አስተካክሎ በ2017 52 ሆም ራን መታ። በቂ ቁጥር ማለት ልጁ እስከዛሬ የነበረበትን ያሳያል፤ ከዚህ በኋላ አይለወጥም ማለት አይደለም።

ወርዋሪን በድልና በኢ-አር-ኤ መመዘን

ኢ-አር-ኤ በወርዋሪው ላይ በዘጠኝ ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ ነው። መጀመሪያ ትንሿን ስህተት እናስወግድ። 5.2 ኢኒንግ ማለት አምስት ከሁለት አሥረኛ አይደለም፤ አምስት ኢኒንግና ሁለት አውት (ከጨዋታ የወጣ መቺ) ማለት ነው። በካልኩሌተር ሲያሰሉ 5.67 ብለው ያስገቡ።

ትልቁ ስህተት ግን የወርዋሪውን የቤት ሥራ አለማወቅ ነው። ክለቡ «ዛሬ ቼንጅአፕህን (ዝግ ያለችውን አታላይ ኳስህን) 20 ጊዜ ወርውር» ብሎ ሊያዝዘው ይችላል፤ ሁለቱ ሆም ራን ሆነው ይመለሳሉ፤ ተከታታዩም «ወረደ» ይላል። የኢኒንጉ ገደብም እንዲሁ ነው። በ2023 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) አንደኛ የተመረጠው ፖል ስኪንስ በ2024 በፒትስበርግ ትሪፕል-ኤ ቡድን በኢንዲያናፖሊስ በ7 ጨዋታ 27.1 ኢኒንግ ብቻ ነው የወረወረው፤ በየጨዋታው አራት ኢኒንግ አይሞላም። ያ ድካም አልነበረም፤ ፒትስበርግ ክንዱን እየቆጠበለት ነበር። በዚያች 27.1 ኢኒንግ 45 ስትራይክአውት አገኘ፤ ሜይ 11 ሜጀር ሊግ ገባ፤ በዚያው ዓመት የናሽናል ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ።

እንግዲህ የስትራይክአውቱን መቶኛ ወስደው የዎኩን መቶኛ ይቀንሱለት፤ ከ20 በላይ ከሆነ ልብ ይበሉት። ቀጥሎ ፍጥነቱን በመጀመሪያውና በአራተኛው ኢኒንግ ያነጻጽሩ። በአራተኛው አምስት ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚቀንስበት ልጅ ጀማሪ ወርዋሪ (ጨዋታውን የሚከፍት) ሆኖ የመዝለቁ ነገር ያጠራጥራል፤ መጨረሻው አንድ ኢኒንግ ወርውሮ የሚወጣ ረዳት መሆን ነው። በግራ የሚመቱትን የሚያወጣበት ኳስ አለው ወይ? የቀኝ እጅ ወርዋሪ ከሆነና ከሌለው ከታች ማንም አይቀጣውም፤ ከላይ ግን ወዲያው ያውቁበታል።

ደረጃ ሰንጠረዥን እንደ ውድድር ውጤት ማየት

የ100 ተስፈኞች ዝርዝር በየዓመቱ ይወጣል፤ 40ኛና 90ኛ ላይ ባሉት መካከል ያለው ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ ከአስተያየት አያልፍም። ከ60ኛ ወደ 45ኛ የወጣ ልጅም ምንም ላያደርግ ይችላል፤ ከላዩ የነበሩት ሜጀር ሊግ ላይ 130 የመምታት ሙከራ ወይም 50 ኢኒንግ አልፈው ከዝርዝሩ ወጥተው ይሆናል። ከቁጥሩ ይልቅ ከ20 እስከ 80 የሚሰጠውን የስካውት ነጥብ ይመልከቱ፤ 50 የሜጀር ሊግ አማካይ ነው፤ 60 ደህና አድርጎ ከአማካይ በላይ ነው፤ 80 ብርቅ ነው።

የፊርማ ገንዘብንም እንደ ትንቢት አይውሰዱት። ሆሴ አልቱቬ በ15,000 ዶላር ነው የፈረመው። ኤሊ ዴ ላ ክሩዝ በ65,000። አልበርት ፑሆልስ በ1999 በ13ኛው ዙር ተመረጠ። በተቃራኒው በ2013 አንደኛ የተመረጠው ማርክ አፔል ሜጀር ሊግ የደረሰው በ2022 በ30 ዓመቱ ነበር።

የሕጉን ወረቀት ንቆ መተው

«ይሄን ሁሉ እየመታ ለምን አይጠሩትም?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ የለም። አንድ የሜጀር ሊግ የአገልግሎት ዓመት 172 ቀን ነው። ክሪስ ብራያንት በ2015 የዝግጅት ጨዋታዎች 9 ሆም ራን መትቶ ሳለ የቺካጎው ክለብ ካብስ ወደ ታች ላኩት፤ ኤፕሪል 17 ጠሩት፤ በዚያ ዓመት 171 ቀን ቆጠረ። በአንዲት ቀን ጉድለት ነጻ ተጫዋች የሚሆንበት (ከፈለገው ክለብ ጋር የሚፈርምበት) ጊዜ በአንድ ዓመት ተገፋ፤ ያቀረበው አቤቱታም አልሠራለትም።

ከዚያ ክለቡ ለሜጀር ሊግ የሚይዛቸው የ40 ተጫዋቾች ዝርዝር አለ። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በፊት የፈረመ አምስት፣ ከ19 ጀምሮ የፈረመ አራት የውድድር ዓመት ካለፈው በኋላ ክለቡ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ካላስገባው ሌሎች ክለቦች ዲሴምበር ላይ በ«ሩል ፋይቭ» ድራፍት በ100,000 ዶላር ሊወስዱት ይችላሉ። ወሳጁ ዓመቱን ሙሉ ከ26ቱ ተሰላፊዎች ጋር ሊያቆየው ይገደዳል፤ ካልቻለ በ50,000 ለቀድሞው ክለብ ያቀርበዋል። ዮሃን ሳንታና በ1999 በዚህ መንገድ ነው ሚኒሶታ የደረሰው፤ በ2000 ኢ-አር-ኤው 6.49 ነበር፤ በ2004 እና በ2006 የሳይ ያንግ ሽልማት (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ) አገኘ። ስለዚህ በኖቬምበር ማን ዝርዝሩ ውስጥ እንደገባ ማየት ክለቡ ማንን እንደሚያምን ያሳያል፤ በእኔ ግምት ከማንኛውም የጋዜጠኛ ሰንጠረዥ የበለጠ።

አንዴ የገባ ተጫዋች ክለቡ ወደ ታች ሊልከው የሚችልበት ሦስት «ኦፕሽን» ዓመት አለው። በዓመቱ ውስጥ በድምሩ 20 ቀን ታች ካሳለፈ አንዱ ተቃጠለ። ሦስቱ ያለቁበት ሰው ዌቨር (ሌሎች ክለቦች እንዲወስዱት ዕድል የሚሰጥበትን ሂደት) ሳያልፍ ወደ ታች መላክ አይቻልም፤ ማርች ላይ ድንገት የሚሸጡት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው።

የጠፋውን ሁሉ «ተጎድቷል» ማለት

«ዴቨሎፕመንት ሊስት» ላይ የገባ ልጅ ላይታመም ይችላል፤ አወራወሩን እንዲያስተካክል ከውድድር አውጥተውት ይሆናል። የቶሚ ጆን ቀዶ ሕክምና (የክርን ጅማት ጥገና) ከሆነ ግን ከ12 እስከ 18 ወር ይርሱት፤ ሲመለስ መጀመሪያ ፍጥነቱ፣ ዘግይቶ ደግሞ ኢላማው ይመጣል። ከጉዳት እየተመለሱ ታች የሚጫወቱ የሜጀር ሊግ ሰዎችን ቁጥርም ለብቻው ይለዩ፤ ለመቺ እስከ 20፣ ለወርዋሪ እስከ 30 ቀን ይፈቀዳል።

ሜዳ ሄዶ ኳሷን ብቻ መከተል

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር አበሻ ይህ ቀላል ዕድል ነው። የናሽናልስ ሲንግል-ኤ ቡድን ፍሬድሪክስበርግ ላይ፣ ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ይጫወታል፤ የኦሪዮልስ ደብል-ኤ ቡድን ቦዊ፣ ሜሪላንድ ነው፤ የናሽናልስ ደብል-ኤ ሃሪስበርግም እዚያ እየመጣ ይገጥመዋል።

ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት ቦታ) ጀርባ ይቀመጡ፤ ስካውቶቹም የሚቀመጡት እዚያው ነው። የስልክዎን ሰዓት መቁጠሪያ ዱላው ኳሱን በነካ ቅጽበት ያስነሡ፤ እግሩ አንደኛ ቤዝን ሲረግጥ ያቁሙ። ለቀኝ መቺ 4.3 ሴኮንድ፣ ለግራ መቺ 4.2 አማካይ ነው፤ ቀኙ 4.0 ካመጣ ያ በጣም ፈጣን ነው። ባንት ሲያደርግ (ኳሷን ዱላውን ሳይወዘውዝ በስሱ ሲነካ) አይቁጠሩት፤ ቀድሞ እየተንቀሳቀሰ ነውና። ሮጦ ያልጨረሰበትንም ይተዉት። ለካቸር (ከመቺው ጀርባ ኳሷን ለሚቀበለው) ደግሞ ኳሷ ጓንቱን ከመታችበት እስከ ሁለተኛ ቤዝ ጓንት ድረስ ይቁጠሩ፤ 2.0 ሴኮንድ ጥሩ ነው።

ብዙ ቡድኖች ስድስት ጀማሪ ወርዋሪ ያፈራርቃሉ፤ ማክሰኞ የጀመረውን የሚያገኙት በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው፤ ያን ሳምንት ግን ቡድኑ ከሜዳው ውጭ ሊሆን ይችላል። ሰኞ ጨዋታ የለም። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የዕለቱን ጀማሪ ስም ያረጋግጡ፤ ጠዋት ላይ ሊቀየር ስለሚችል ከቤት ሲወጡም አንዴ ይዩት።