የዳይቪንግ ሬጉሌተር ስታጥቡ ቁልፉን አትጫኑ

ሬጉሌተር ጠላቂው ከአየር ሲሊንደሩ የሚተነፍስበት መሣሪያ ነው። ከባህር ስትወጡ መጀመሪያ የሬጉሌተሩን የአቧራ ክዳን (ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረውን የአየር መግቢያ የሚሸፍነውን) ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁና አጥብቃችሁ ግጠሙት። ከዚያ ለብ ባለ ንጹህ ውሃ ዘፍዝፉት። ውሃ ውስጥ እያለ ግን አየር የሚያስለቅቀውን ቁልፍ በፍጹም አትጫኑ! ከሲሊንደር ጋር ስላልተያያዘ ውሃውን የሚገፋ አየር የለም። ቫልቩ ሲከፈት ውሃው በቱቦው አልፎ ሲሊንደሩ ላይ ወደሚታሰረው ክፍል ይገባል። እዚያ የቀረ ጨው ብረቱን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ምንም አይታይም።

ሲደርቅ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ በአፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። አየር መግባት የለበትም። ከገባ የአፍ መያዣው ላስቲክ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ራሳችሁ ቀይሩት። ላስቲኩ ደህና ከሆነ ዲያፍራሙን (ከቁልፉ ስር ያለውን ስስ የላስቲክ ሽፋን) ወይም የትንፋሽ መውጫውን ቫልቭ ጠርጥሩ። የውስጡን ግፊት ማስተካከል ግን መለኪያና ስልጠና ይፈልጋል፤ ለባለሙያ ስጡት።