የተወለደው ልጅ ጾታ ወዲያው ካልታወቀ፦ ወላጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ያድርጉ?

ልጅ ሲወለድ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ወንድ ነው ሴት?» የሚለው ነው። አዋላጇ አይታ መመለስ ሲያቅታት ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ አንዱን መርጦ ለመገላገልም ይጣደፋል። አይጣደፉ። ጾታን መለየት ቀናት ቢወስድ ልጁን አይጎዳውም። ጊዜ የማይሰጠው በደም ውስጥ ያለው የጨው መጠን ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ልጁ» የምንለው አማርኛ አንዱን እንድንመርጥ ስለሚያስገድደን ብቻ ነው።)

ሴት በሚመስል ልጅ ቂንጥሩ ከ1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከረዘመ፣ የብልት ከንፈሮቹ ከተጣበቁ ወይም ብሽሽት ላይ እብጠት ከተዳሰሰ ምርመራ ያስፈልጋል። ወንድ በሚመስል ልጅ ደግሞ ወሩን ጨርሶ ተወልዶ ብልቱ ቀስ ተብሎ ተስቦ ሲለካ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ የሽንት ቀዳዳው ከሥር ሆኖ ቆለጥ ካልወረደ፣ ወይም ሁለቱም ቆለጦች ካልተዳሰሱ ያስመርምሩ። ይህ የመጨረሻው «በኋላ ይወርዳል» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል፤ አደገኛውም እሱ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከኩላሊት በላይ የተቀመጠው አድሬናል እጢ ኮርቲሶልና አልዶስቴሮን የተባሉትን ሆርሞኖች የሚሠራበት ኢንዛይም ሲጎድለው ጥሬ ዕቃውን ወደ ወንዴ ሆርሞን ያዞረዋል። ስለዚህ ኤክስ ኤክስ (በተለምዶ የሴት የሚባለው) ክሮሞሶም፣ ማህፀንና ኦቫሪ ያላት ልጅ ከውጭ ወንድ መስላ ልትወለድ ትችላለች። አልዶስቴሮን ሲጎድል ጨው በሽንት ይወጣል፤ ሶዲየም ይወርዳል፣ ፖታሲየም ይጨምራል። ቀውሱ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል፦ ማስመለስ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ መዛል፣ ክብደት መቀነስ። እንደ ተራ ትውከት ታይቶ ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ ሊሞት ይችላል።

ይህን የኢንዛይም ጉድለት የሚያሳየው የ17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን የደም ምርመራ ከተወለደ ከ48 ሰዓት በኋላ ይወሰድ፤ ከዚያ በፊት ጤነኛ ልጅ ላይም ከፍ ብሎ ይገኛል። ሶዲየምና ፖታሲየም ግን በተደጋጋሚ ይለኩ፤ በሦስተኛው ቀን ደኅና መሆናቸው ለአሥረኛው ቀን ዋስትና አይሆንም። በሽታው ከተረጋገጠ የጎደሉትን ሆርሞኖች የሚተኩት ሃይድሮኮርቲሶንና ፍሉድሮኮርቲሶን የተባሉ መድኃኒቶች በየቀኑ ይሰጣሉ፤ በድንገት አይቋረጡም። ትኩሳት ሲመጣ ሃይድሮኮርቲሶኑ በሐኪም መመሪያ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይደረጋል፤ ልጁ የሚያስመልስ ከሆነ በመርፌ ይሰጣል። ይህን መመሪያ በጽሑፍ ሳይቀበሉ ከሆስፒታል አይውጡ።

ጎን ለጎን የክሮሞሶም ምርመራና ማህፀን መኖሩን የሚያሳይ አልትራሳውንድ ይደረጋል። የክሮሞሶሙ ውጤት ብቻውን ግን አይፈርድም። ፅንሱ እስከ 6ኛው ሳምንት ገደማ ወደ ሁለቱም ሊያድግ የሚችል እጢ ነው ያለው። ወደ ቆለጥ የሚመራው ዋይ ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ኤስአርዋይ የተባለው ዘረመል ነው፤ የተለየውም እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ቆለጡ የሚያመነጨውን የወንዴ ሆርሞን ሰውነት ጨርሶ ካልተቀበለው ደግሞ ኤክስ ዋይ (በተለምዶ የወንድ የሚባለው) ክሮሞሶም ያለው ልጅ ከውጭ ሙሉ የሴት ቅርጽ ይዞ ይወለዳል።

ውጤቱ እስኪመጣ ልደቱን በግምት አያስመዝግቡ። ለጠያቂ ዘመድ «ምርመራ አለ፤ ስም ገና አላወጣንም» ማለት ይበቃል። አማርኛ «ተኛ» ወይም «ተኛች» ሳይሉ ስለ ልጅ ለማውራት ያስቸግራል፤ «ልጃችን ተኝተዋል» እያሉ በአንቱታ ማቆላመጥ ጥሩ መውጫ ነው።

ወንድ ወይስ ሴት ተብሎ ይደግ የሚለውን ከሆርሞን ሐኪም፣ ከቀዶ ሐኪምና ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሆነው ይወስኑ። ባህል ስምን፣ ልብስንና የሚጠበቅብንን ጠባይ ይሰጣል፤ ሰው ራሱን ማን ብሎ እንደሚያውቅ ግን አስተዳደግ ብቻውን አይወስነውም። ካናዳዊው ዴቪድ ራይመር እ.ኤ.አ. በ1966 በግርዛት አደጋ ብልቱን አጥቶ እንደ ሴት ልጅ ቢያድግም በጉርምስናው ወንድ ሆኖ መኖርን መረጠ። ሰውነታቸው የወንዴ ሆርሞንን ጨርሶ የማይቀበል ኤክስ ዋይ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ራሳቸውን ሴት ብለው ያውቃሉ። ስለዚህ የዛሬው ውሳኔ በታወቀው በሽታ ላይ የቆመ ግምት ነው፤ ልጁ አድጎ ሌላ ቢናገር ይሰሙት።

ሽንት መውጫ ካጣ ቀዶ ሕክምናው አይቆይም። ለመልክ ብቻ የሚደረገው ግን ጠባሳ ሊተውና ስሜት ሊያሳጣ ይችላል፤ የተቆረጠውም አይመለስም። ማልታ እ.ኤ.አ. በ2015 ልጁ ራሱ መስማማት እስኪችል ሊቆይ የሚችለውን እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በሕግ ከልክላለች። ሐኪሙን «አሁን ባይሠራ ጤናው ላይ ምን ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ስለ መልክ ብቻ ከሆነ ያቆዩት። የምርመራ ውጤቶቹን ቅጂ ሁሉ ይያዙ፤ ልጁ ሲያድግ ስለ ገዛ ሰውነቱ ሲጠይቅ ያስፈልጉታል።