20 ዲግሪው 160 እየሆነ ሲያስቸግረኝ

በሁለት የፕሮቲን ሄሊክሶች (እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዙ የፕሮቲን ክፍሎች) መካከል ያለውን አንግል የሚለካ የፓይተን ኮድ ጽፌ ነበር። የፕሮቲኑን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ካስመሰልኩበት ሲሙሌሽን አንዱ ፍሬም (የአንድ ቅጽበት ምስል) ላይ 20 ዲግሪ ይላል፤ ቀጣዩ ላይ 160። ፕሮቲኑ ግን ንቅንቅ አላለም! መጀመሪያ ሲሙሌሽኑን ጠረጠርኩ። በኋላ ሁለቱን ቁጥሮች ስደምራቸው 180 ሆኑ። ለካ ነገሩ ኮዱ የሚጠቀመው ኤስቪዲ (SVD፣ ነጥቦች በዋናነት የተዘረጉበትን መስመር የሚያወጣ የሒሳብ ዘዴ) ነው። ከአልፋ ካርቦኖቹ (በእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ውስጥ ካለው ዋና ካርቦን) የሄሊክሱን አክሲስ፣ ማለትም የመሃል መስመሩን፣ በትክክል ያወጣል፤ ወደ የትኛው ጫፍ እንደሚያመለክት ግን ደንታ የለውም።

መፍትሔው ሁለት መስመር ኮድ ሆነ። ከመጀመሪያው አልፋ ካርቦን ወደ መጨረሻው የሚሄድ ቬክተር ወስጄ ከአክሲሱ ጋር ዶት ፕሮዳክት (የሁለት ቬክተሮች ብዜት) ሠራሁ። ኔጌቲቭ ከወጣ አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው ማለት ነው፤ አክሲሱን እገለብጠዋለሁ። በቃ፣ ዝላዩ ጠፋ።

ጫፍ ላይ የላሉትን አሚኖ አሲዶችም ቆረጥኩ። የሄሊክሱ አንድ ዙር ግን 3.6 አሚኖ አሲድ ስለሆነ፣ በጣም አጭር ሄሊክስ ጥቂት ዙር ብቻ ይኖረውና አክሲሱ ራሱ ይንገዳገዳል።